በመንግሥታት መካከል ስለሚነገር ክፉ ቃልና ስለ መጠራጠር

የአሞን ልጆች ንጉሥ ናዖስ በሞተ ጊዜ ንጉሥ ዳዊት ልጁን ሐኖንን የሚያጽናኑ መልእክተኞችን እንደ ላከ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 10 ተጽፎ ይገኛል። የዳዊት አሳብ ቀና ነበር፤ ናዖስ ቀድሞ ቸርነት አድርጎለት ስለ ነበረ ውለታውን ለልጁ ሊመልስ ፈለገ። የሐኖን መሳፍንት ግን እነዚህ ሰዎች ከተማይቱን ሊሰልሉ የመጡ እንጂ ሐዘንተኛ ሊያጽናኑ የመጡ አይደሉም ብለው ጌታቸውን አስጠረጠሩት። እርሱም የመልእክተኞቹን ጢም እኩሌታውን አስላጭቶ፥ ልብሳቸውንም አስቈርጦ በኀፍረት ሰደዳቸው። ከዚህ በኋላ አሞናውያን ከሶርያ ጭፍራ ቀጠሩ፤ ኢዮአብም ዘመተ፤ በዚያ ጦርነት ያለቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው።

ደቀ መዛሙርት ይህን ምዕራፍ ሲማሩ ዐይናቸው ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በተላጨው ጢም ላይ ነው። እኛ ግን አንባቢው ከጢሙ አስቀድሞ የሆነውን እንዲመለከት እንወዳለን። ምናልባት የሐኖን መሳፍንት ዐውቀው የዋሹ አልነበሩም። ዳዊት ሞዓብን ድል ከነሣ ገና ብዙ አልቈየም ነበርና መፍራታቸው ያለ ምክንያት ነው ለማለት አይቻልም። በደላቸው ግን መፍራታቸው ሳይሆን የፈሩትን ነገር እንደ ታወቀ ነገር አድርገው መናገራቸው፥ መርምረውም አለመጠየቃቸው ነው። በሰው ልብ መጠራጠር አንድ ጊዜ ከጸና በጎው ሥራ ራሱ የክፋት ማስረጃ ሆኖ ይቈጠራል። ስጦታ ቢልክ ሊያታልል ነው፤ ዝም ቢል እያደባ ነው፤ ቢናገር እየዛተ ነው ይባላል። እንዲህ ካለው ሰው ፊት ንጹሕ ሆኖ ለመገኘት ምንም መንገድ የለም።

በዚህ ታሪክ አንጻር የሚቆም ሌላ ታሪክ በመጽሐፈ ኢያሱ በምዕራፍ 22 አለ። የሮቤልና የጋድ ነገድ፥ የምናሴም ነገድ እኩሌታ በዮርዳኖስ ዳር ታላቅ መሠዊያ ሠሩ። ይህን የሰሙት የእስራኤል ልጆች ከእግዚአብሔር ርቀው ሌላ አምልኮ ሊያቆሙ ነው ብለው ስለ ጠረጠሩ ሊወጉአቸው በሴሎ ተሰበሰቡ። ሠራዊቱ ከመነሣቱ በፊት ግን ካህኑን ፊንሐስንና ዐሥር አለቆችን ላኩ። ፊንሐስ ማን እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውስ፤ በኦሪት ዘኍልቍ ጦር አንሥቶ በቅንዐት የወጋ እርሱ ነው። ጦር መያዝን የሚያውቀው ያው ካህን አሁን ሊጠይቅ ተላከ። እርሱም ጥርጣሬውን ከኋላ አላማም፤ በፊታቸው ቆሞ በግልጥ ነገራቸው። ምድራችሁ ርኩስ መስሎ ታይቷችሁ እንደ ሆነ ወደ እኛ ተሻግራችሁ ከእኛ ጋር ርስት ተካፈሉ እስከ ማለትም ደረሰ። እነርሱም መሠዊያው ለመሥዋዕት ሳይሆን ለልጅ ልጅ ምስክር የቆመ መሆኑን አስረዱት። ፊንሐስ የሰማውን መልስ ሳይጨምር ሳይቀንስ ተመልሶ ለሕዝቡ ተናገረ፤ ጦርነቱም ቀረ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ሥራ የመጨረሻው ይመስለናል። ለመጠየቅ መሄድ ቀላል ነው፤ ጦሩን ስሎ፥ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ተሰበሰበ ሕዝብ ተመልሶ ያልነው ሁሉ አልነበረም ብሎ መናገር ግን ታላቅ ድፍረት ይጠይቃል።

በወሎ ለምንኖር ካህናት ይህን ትምህርት ከመጻሕፍት ብቻ መፈለግ አያሻንም፤ በመንገዳችን ላይ ይገኛል። ከደሴ ወደ ሰሜን በሐይቅ በኩል ሲሄዱ በአምባሰል ውስጥ ውጫሌ ትገኛለች። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የተዋዋሉት በዚያ ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የአማርኛው 17ኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ለመላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ይህን የግድ አድርጎት ተገኘ። ኢጣልያም በዚያው ሳቢያ ኢትዮጵያ በእርሷ ጥበቃ ሥር እንደ ሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። በአንዲት ግሥ ምክንያት የሁለት መንግሥታት መተማመን ፈረሰ።

ስለዚህ መጠራጠር ሁሉ ኀጢአት ነው ብለን አናስተምርም። ምኒልክ የጠረጠሩት በእጅ ተይዞ የሚነበብ ጽሑፍ አይተው ነው። ካወቁም በኋላ ስድብ ሳይሆን ደብዳቤ ጻፉ፤ የሁለቱ ቋንቋ ቃል አንድ እንዳልሆነ ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ አመለከቱ፤ አንቶኔሊም ተመልሶ መጥቶ ብዙ ክርክር ተደረገ፤ ውሉንም በይፋ ያፈረሱት በ1885 ዓ.ም. ነው። ከውጫሌ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እስከ ዐድዋ ድረስ ወደ ሰባት ዓመት ይሆናል። መጽሐፍ እንደ እባብ ብልህ እንድንሆን ሲያዝዘን የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ነው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። በጽሑፍ የሚጠረጥር በጽሑፍ ይረታል ወይም ይረታለታል፤ በወሬ የሚጠረጥር ግን መርቻ የለውም።

በዚያው አገራችን ግን ከዚህ የተለየም ሆኗል። በመስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ልጅ ኢያሱ ከመንግሥት ሲሻሩ ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር፤ የክሱ እውነትነት እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ያከራክራል። አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱንና ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። ከደሴ ደግሞ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሠራዊታቸውን አስከትለው ወጡ። ልክ በወሩ፥ በጥቅምት 17 ቀን፥ በሰገሌ ሜዳ የሸዋና የወሎ ክርስቲያን ከክርስቲያን፥ የወሎ እስላምም አብሮ፥ ተላለቀ፤ ንጉሡም ተማረኩ። ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» እንደሚባል የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ማንንም ሳይንቅ ለሁሉ የሚከፈት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለው አዳራሽ ካለበት ከተማ የወጣው ሠራዊት ወደ ቤቱ የተመለሰው ጥቂት ሆኖ ነው። ስለ ግዝትና ስለ መሐላ በመንግሥት ነገር ውስጥ መግባት ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሚያስፈልገው እዚህ አንዘረዝረውም። ብቻ የቤተ ክርስቲያን ቃል በሁለት መንግሥታት መካከል በቆመ ጊዜ ከሰይፍ ይልቅ እንደሚከብድ ወንድሞቻችን ካህናት እንዳይዘነጉት እንለምናለን።

አሁን ወደ እኛው ዘመን እንምጣ። ነገሩ ገና ቍስሉ ያልደረቀ ስለ ሆነ በጥንቃቄ እንናገራለን። በ2012 ዓ.ም. በፌዴራሉ መንግሥትና በትግራይ ክልል መንግሥት መካከል የነበረው አለመግባባት እየበረታ ሄደ። በተስቦው ምክንያት አገር አቀፉ ምርጫ ሲዘገይ ትግራይ በጳጉሜን 4 ቀን ለብቻዋ መረጠች። ከዚያ በኋላ አንዱ ሌላውን ዘመንህ አልፏል አለው፤ ሌላውም አንዱን ምርጫህ እንዳልተደረገ ይቈጠራል አለው። ሁለቱም ሕግን ጠቀሱ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ቴሌቪዥን ተናገሩ፤ የአገር ሽማግሎችና የሃይማኖት አባቶች በመካከል ቢመላለሱም የሚሰማቸው አላገኙም። በጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ጦርነቱ ተነሣ።

ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በጦርነቱ ጊዜ የተነገሩትን ቃላት አንባቢ ስለሚያውቃቸው ማን ምን እንዳለ ለመቍጠር አንደክምም። ጁንታ፥ ወራሪ፥ ፋሽስት፥ ጅብ፥ ካንሰር፥ አረም ተባለ። ከእነዚህ ውስጥ የፖለቲካ ስድብ የሆኑትን ለፖለቲከኞች እንተዋቸው። የአውሬው፥ የደዌውና የአረሙ ስም ግን የእኛ ጉዳይ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር አራዊትን ሁሉ ወደ አዳም አምጥቶ ስም እንዲያወጣላቸው አደረገ፤ በዚህም ሰው ከአራዊት የተለየ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ ሰውን በአውሬ ስም የሚጠራ አዳም የለየውን መልሶ ይደባልቃል፤ አንድም በሰው ላይ ያለውን የእግዚአብሔርን መልክ እንዳላየ ይሆናል። ጅብ ይገደላል እንጂ አይዳኝም፤ ደዌ ተቈርጦ ይጣላል እንጂ አይመከርም። ስለዚህ ስሙ አስቀድሞ ከወጣ ሥራው በኋላ ይከተላል።

ስለ አረም ደግሞ ጌታ ራሱ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 13 ፈርዷል። አገልጋዮቹ እንክርዳዱን እንንቀለውን ብለው በጠየቁት ጊዜ ባለ እርሻው ከለከላቸው። ምክንያቱም እንክርዳዱ መልካም ስለ ሆነ ሳይሆን በሚነቅሉበት ጊዜ ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉ ነው። የመለየቱን ሥራ ለመከር ጊዜ፥ ለመላእክትም ተወው። ገበሬ የሆነ ሁሉ ይህን ያስተውለዋል፤ በቡቃያው ጊዜ እንክርዳዱና ስንዴው በመልክ ይመሳሰላሉና። ሰው ሌላውን ሰው አረም ብሎ ሲጠራ ባለቤቱ የከለከለውን የመንቀል ሥልጣን ለራሱ መስጠቱ ነው።

የተነቀለውም ስንዴ ነበረ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በማይካድራ፥ በኅዳር በአክሱም የንጹሐን ደም ፈሰሰ። ከዚያም ጦርነቱ ወደ ወሎ ወረደ። ከራያ፥ ከቆቦ፥ ከወልድያ የተፈናቀለው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞላ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገቡ፤ በመንግሥት ሠራዊት የተመለሱት በኅዳር 27 ቀን ነው። በእነዚያ ሳምንታት የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፈረሱ፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም መጋዘን ሳይቀር ተዘረፈ። ሽማግሎቻችን ፋሽስት ኢጣልያ በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በአውሮፕላን የደበደበችበትን ዕለት ሲያነሡ፥ ያ የባዕድ እጅ ነበረ፥ ይህ ግን የወንድም ነው እያሉ ያለቅሱ ነበር። በሌላው ወገንም በጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ በአዲስ አበባ ብዙ የትግራይ ተወላጆች በጥርጣሬ ብቻ ታሰሩ። የአፍሪካ ኅብረት ሸምጋይ የነበሩት ኦሉሴጎን ኦባሳንጆ በጦርነቱ የሞተው ሰው እስከ 600,000 ሊደርስ እንደሚችል ተናግረዋል።

በዚያ ወራት አንድ ምእመን ወደ እኛ መጥቶ፥ በአጥቢያው የሚያገለግለው ዲያቆን የትግራይ ተወላጅ ስለ ሆነ ከእጁ ጸበል መቀበል ይገባልን? ብሎ ጠየቀን። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የእኅቱ ልጅ በግንባር ሞቶበት ነበር። እኛም፥ አባቴ፥ ይህ ዲያቆን የተሾመው በመንግሥት ነውን ወይስ በጳጳስ እጅ? አልነው። በጳጳስ እጅ ነው አለ። ጸበሉስ የመንግሥት ነውን? አልነው። ዝም አለ። ከዚህ በላይ አልተከራከርንም፤ ሐዘንተኛን በክርክር መርታት ምንም አይጠቅምምና። ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ቀረ። በወታደርና በወታደር መካከል የተጀመረው መጠራጠር እስከ ቅኔ ማኅሌቱና እስከ ጸበሉ ቦታ መድረሱን ያሳያልና።

ከጸበሉ ቦታም አልፎ ወደ መንበሩ ደረሰ። በትግራይ ያሉ ብፁዓን አባቶች በ2013 ዓ.ም. «መንበረ ሰላማ» የሚል የራሳቸውን መዋቅር አስታወቁ፤ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ተደረገ። ሥርዐቱን በተመለከተ ቀኖናው ግልጥ ስለ ሆነ ልንከራከርበት አንሻም። ነገር ግን አባቶች ያቀረቡት ዋና ቅሬታ፥ ልጆቻችን ሲሞቱ እናት ቤተ ክርስቲያን ዝም አለች የሚል መሆኑን ፊንሐስ እንዳደረገው ሳንጨምር ሳንቀንስ ለሕዝባችን ልንነግር ይገባናል። በእኛም በኩል በአንዳንድ ዐውደ ምሕረት የተሰማው ቃል ከቴሌቪዥኑ ቃል የተለየ አልነበረም። ይህን የምንለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ወደ ፊት ሽማግሌ ሆኖ የሚላክ ካህን ከዚህ ነገር መጀመር እንዳለበት ለማሳሰብ ነው እንጂ።

በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፌዴራሉ መንግሥትና በሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ መካከል በፕሪቶሪያ የተፈረመውን ውል ያነበበ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኝበታል። የአስቸኳይ ጊዜው ዐዋጅ በታወጀ ልክ በዓመቱ የተፈረመው ይህ ውል ተኵስ ይቁም ባለበት በዚያው አንቀጽ የጠላትነት ቅስቀሳና የጥላቻ ንግግርም ይቁም ይላል። መንግሥታት ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 3 ትንሽ እሳት ታላቅ ጫካ ታቃጥላለች ብሎ ያስተማረውን በራሳቸው ደም ተምረው ጻፉት ማለት ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ዐዋጅ ቍጥር 1185 ግን ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት በ2012 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። ዐዋጁ ነበረ፤ ቃሉም አልቆመም። መድፍ ዝም ማለቱን ታዛቢ ቆጥሮ ያረጋግጣል፤ አንደበት ዝም ማለቱን የሚያረጋግጥ ታዛቢ ግን ከወዴት ይመጣል? በዐማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ሌላ ግጭት በተነሣ ጊዜም እነዚያው ስሞች ባለቤት ለውጠው ሲነገሩ ሰምተናል።

ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ዐሰብ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ሌላም ምስክር አላቸው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ የወደቡ ጭነት ተቋረጠ። የአልጀርሱ ውል በታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ሆኖም ሁለቱ መንግሥታት በየራዲዮናቸው እየተሰዳደቡ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ ጦርነትም ሰላምም በሌለበት ኖሩ። በዚያ ዘመን ያደገ ልጅ ጐረቤቱን በፊት ሳያየው በስድቡ ብቻ ዐወቀው።

እንግዲህ ካህን ምን ያድርግ? ይህን ሲጠይቁን በመጀመሪያ የምንጠቅሰው ንጉሥ ሕዝቅያስን ነው። የአሦር ንጉሥ የሰናክሬም መልእክተኛ ራፋስቂስ በኢየሩሳሌም ቅጥር ሥር ቆሞ ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማና እንዲታወክ በአይሁድ ቋንቋ ጮኸ። ሹማምንቱ በሶርያ ቋንቋ ተናገር ቢሉት እንቢ አለ፤ ዐላማው ንጉሡን ማነጋገር ሳይሆን ሕዝቡን ማሸበር ነበርና። የሕዝቅያስ ትእዛዝ ግን ምንም አትመልሱለት የሚል ነበር። ይህ ስንፍና እንዳይመስል፥ ሕዝቅያስ ቅጥሩን አጽንቷል፥ ውኃውን ደፍኗል። የከለከለው ስድብን በስድብ መመለስን ነው። ደብዳቤውን ወስዶ በቤተ መቅደስ ዘረጋው። በዛሬው ቋንቋ ብንናገር፥ በስልኩ የመጣለትን የጥላቻ ቃል ለሌላ አላስተላለፈውም።

ሁለተኛውን ከወሎ ሽማግሎች እንማር። በቃሉና በአካባቢው አበጋር የሚባሉ፥ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው አስታራቂዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። ጥሩ ሽማግሌ የሁለቱን ወገን ቃል ለየብቻ ይሰማል፤ ሲመላለስም ጉዳዩን ያደርሳል፥ ስድቡን ግን በመንገድ ያስቀራል። በሬዬን ወስዷል ማለትን ያደርሳል፤ ሌባ የሌባ ልጅ ማለትን አያደርስም። ውሸት አልተናገረም፤ ነገሩም አልጐደለም። ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስና ምኒልክ የተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገበት ቦታ መሆኑን በክብር የምናነሣ ካህናት፥ ያ ጉባኤ በግድ ይጠመቁ ለተባሉት የወሎ ሙስሊሞች ሌላ ትዝታ እንዳለው ካልዘነጋን፥ ከአበጋሮች ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ለመቀመጥ አይከብደንም።

በዐውደ ምሕረት ስም ማጥፋት እንዳይነገር የሚከለክለው የደብሩ አለቃ ነው፤ ይህን ሥራ ለፖሊስ አይተውም። የንስሐ አባትም በዐቢይ ጾም ልጁን ምን በላህ ብሎ እንደሚጠይቅ፥ ሳትመረምር ያመንኸው፥ ለሌላም ያስተላለፍኸው ቃል ምን ነበር ብሎ ይጠይቀው። መልሱ ቢያስደነግጠው አይገረም። ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የኢያሱን ምዕራፍ 22 የሚያስተምር መምህር ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ጋር አያይዞ ያስነብባቸው። በዚያ የኤፍሬም ሰዎች የገለዓድን ሰዎች ኮብላዮች ብለው ሰደቡአቸው፤ እንደ ፊንሐስ ሊጠይቅ የሄደ ካህንም አልተገኘም። በዮርዳኖስ መሻገሪያ የቆሙት ጠባቂዎች የሚያልፈውን ሁሉ ሺቦሌት በል ይሉት ነበር፤ ምላሱ ወደ ሲቦሌት የዞረበት ሰው ተይዞ ይታረድ ነበር። በዚያን ጊዜ ከኤፍሬም የወደቁት 42,000 ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።